የቅሉ ባቄላና የማዶው ጌሾ

አንድ ገበሬ ነበረ። የበኩር ልጁን ወንዝ ወሰደበት። ከዚያ ወዲያ ያንን ወንዝ ተሻግሮ አያውቅም። ማሳው ማዶ ነበርና ጦም አደረ፤ ልጁ በማሳው ዳር የተከላት ጌሾም የሚቀጥፋት አጣች። እሱም እንቅልፍ አጣ።

በዚያ አገር የተጨነቀን ሰው እያጫወቱ የሚያጽናኑ አንድ ደግ ሽማግሌ ነበሩ። ገበሬው በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ እየሄደ የሆዱን ያጫውታቸው ጀመር። ታዲያ ሽማግሌው ቆጠራ ነፍሳቸው ነው። «በዚህ ሳምንት ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣህ?» ይሉና ለእያንዳንዱ ሌሊት አንድ ባቄላ ቅል ውስጥ ይጥላሉ። ሰባት የነበረው አምስት ሆነ፤ ውሎ አድሮ ሁለት ቀረ። ሽማግሌውም ላገኙት ሁሉ ቅሉን እያሳዩ «ድኖልኛል» አሉ። አልፈርድባቸውም፤ ሰውየውን ወደውት ነው።

አንድ ቀን የገበሬው ሚስት መጣች። «አባቴ፣ እንቅልፉስ ተመለሰ፤ ባሌ ግን አልተመለሰም» አለቻቸው። «ወንዙን እንዳይሰማ በጆሮው ጥጥ ወትፎ ነው የሚተኛው። ሲነጋም ጀርባውን ለወንዙ ሰጥቶ ይቀመጣል።»

ሽማግሌው አፈሩ። በሚቀጥለው እሑድ ቅሉን ገለል አድርገው፣ «ልጄ፣ አንተ ራስህ ዳንኩ የምትለው ምን ያደረግህ ዕለት ነው?» አሉት። ከዚያ በፊት ይህን ጠይቀውት አያውቁም ነበር።

ገበሬውም፣ «ልጄ የተከላትን ጌሾ በእጄ የቀጠፍኩ ዕለት» አለ።

በማግስቱ ሽማግሌው ክንዱን ይዘው ወንዙ ድረስ ሸኙት። በጋ ስለነበር ውሃው ከጉልበት አይደርስም። ገበሬው ግን ዳር ላይ ቆመ። ከዚያ ክንዱን ከእጃቸው አላቀቀና ብቻውን ገባ። ማዶ ደርሶ ጌሾዋ ሥር ቁጭ ብሎ ልጁን በስሙ እየጠራ አለቀሰ።

እሑድ ሲመጣ አንድ እቅፍ ጌሾ ይዞ መጣ። «አባቴ፣ በዚህ ሳምንት አምስት ሌሊት አልተኛሁም» አለ። «ነገ ግን በሬዎቼን ይዤ እሻገራለሁ።» ሽማግሌው አምስቱን ባቄላ ቆጥረው ቅሉ ውስጥ ጣሉ፤ በላዩም አንድ የጌሾ ቅጠል አኖሩ።

እንግዲህ ልጄ፣ «የታካሚዬ የሕመም ምልክት መለኪያ መጠይቅ ነጥብ ከሃያ አንድ ወደ ዘጠኝ ወርዷል፤ ድኗል ልበል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። መጠይቅሽ ያ ባቄላ ነው። አትጣይው፤ ሽማግሌውም አልጣሉትም። ነገር ግን ታካሚሽ ማዶ ጥሎት የመጣው ምን እንደሆነ ገና በመጀመሪያው ቀን ጠይቂው። እሱን ይዞልሽ የመጣ ቀን፣ ባቄላው ቢበዛም አትደንግጪ።