ወረቀት የተቀበረበት ሆስፒታል

እናንተዬ፣ ይቺን ስሙኝማ! አንዲት ጎመን ሻጭ የአስም መድኃኒቷ አልቆባት ሆስፒታል ሄደች። ደረቷ ያፏጫል፤ ምላሷ ግን ደህና ነው። ሐኪሙ መረመራትና መድኃኒቱን በኮምፒውተር አዘዘላት። ትእዛዙ በቅጽበት ፋርማሲ ደረሰ፤ «የለም» የሚለው መልስም በቅጽበት ተመለሰ።

«እንግዲያው ከውጭ እንድገዛ በወረቀት ጻፍልኝ፣ ልጄ» አለችው።

«እማማ፣ በወረቀት መጻፍ ተከልክሏል» አላት አንገቱን ደፍቶ።

ይሄን ጊዜ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ከበላይ የመጡ እንግዶችን አስከትሎ ደረቱን ነፍቶ ገባ። «እዚህ ግቢ ወረቀት የሚባል ነገር ሞቶ ተቀብሯል!» እያለ ይፎክራል። ሴትዮዋን ሲያይ ደስ አለው።

«ይኸው ታካሚያችን! በይ እናትዬ፣ በአዲሱ አሠራር ምን ያህል እንደቀለለልሽ ለእንግዶቹ ንገሪያቸው። ምስጋናውን ብቻ፤ እንዳታረዝሚ!»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች።

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ፣ በጣም ቀሎልኛል። ድሮ ወረቀቴን ይዤ፣ ያንን ሁሉ ደረጃ ወርጄ፣ ፀሐይ ላይ ተሰልፌ ውዬ ነበር ‹የለም› የምባለው። ዛሬ ግን ዕድሜ ለእርስዎ፣ ከወንበሬ ሳልነሳ ‹የለም› ተባልኩ! ምስጋናዬ ይኸው ነው። አሁን ትንፋሼ ሳያልቅ ያንን የቀበሩትን ወረቀት ቆፍረው ያውጡልኝ!»

እንግዶቹ በሳቅ ፈነዱ። ሥራ አስኪያጁም ምን ያድርግ፣ ከደረት ኪሱ የገዛ እስክሪብቶውን መዝዞ ለሐኪሙ አቀበለው።