በደቦ ቀን የተጣደው ድስት

ከዠማ ወንዝ ማዶ ጥቂት ቀን ከሰነበታችሁ አንድ አባባል ሳትሰሙ አትመለሱም። ሙሽራዋ ገና በሁለተኛ ሳምንቷ "እህ፣ አለ ነገር?" ተብላ ስትጠየቅ ይሉታል። ዘሩ በቅሎ እንደሆነ ለማየት አፈሩን በጣቱ ለሚጭር ገበሬም ይሉታል። ይሉታል እንጂ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። የመጣው ከድስት ነው!

ድስቱን የገዛችው ትርንጎ የምትባል ሴት ናት። ባሏን፣ አማቷንና አምስት ልጆቿን ይዛ በቀን ለስምንት አፍ ታበስላለች። የምታነደው ግን ለሦስት ሰው እንኳ አይበቃም ነበር። ዛፉ ተመናምኖ እንጨት ለቀማ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ከብቶቿም ሁለት ብቻ ስለሆኑ ኩበቱ አይበረክትላትም። ባቄላው ሳይበስል እሳቱ አልቆባት፣ ልጆቿ ጥሬ ባቄላ እያላመጡ ያዩዋት ቀን ብዙ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከባሏ ከዘውገ ጋር ገበያ ወረደች። ሸክላ ተራ እንደደረሱ ዘውገ አንዲት ቀጭን ድስት ብድግ አደረገ።

"ይቺን እያት! ላባ ናት እኮ። እሳት ገና ከሩቅ ሲያያት ትፈላለች።"

ሸክላ ሠሪዋ ጠጅቱ፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ የለበሰ አሮጊት፣ ሳቁ። "ትፈላለች ልጄ፣ አልዋሽህም። ግን እሳቱን ከሥሯ ፈቀቅ ስታደርግባት ታኮርፋለች። ቀኑን ሙሉ ስትቀልባት ትውላለህ።" ከዚያ ከኋላቸው ሌላ ድስት ጎትተው አወጡ። ታቹ ሰፊ፣ አፉ ጠባብ፣ ግድግዳው እንደ አውራ ጣት የወፈረ፣ ክዳኑ ብቻውን አንድ ሸክም ነው። በጣታቸው አንጓ መቱት፤ እንደ ከበሮ ጎረነነ።

"ይሄ ለመሞቅ ሰነፍ ነው፤ ለመብረድም ሰነፍ ነው" አሉ ለትርንጎ። "አንዴ በደንብ አሙቂው፤ ከዚያ ፍሙን አመድ አልብሰሽ ጥለሽው ሂጂ። ጅማት እንኳ ቢሆን ቅቤ አድርጎ ይጠብቅሻል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ እስኪደርስ ክዳኑን አትንኪ። ሙቀቱ ቤቱ እዚያ ነው፤ በሩን ከከፈትሽለት ይወጣል።"

"ድንጋይ ገዝተሽ ልትገቢ ነው?" አለ ዘውገ። "ወላዲትን! እኔ አልሸከመውም።"

በዚያ ገበያ የሸክላ ዋጋ የሆዱ ሙሉ እህል ነው። ገዢ ድስቱን በሽምብራ ሞልቶ ለሻጭ ይገለብጣል፤ ድስቱን ይዞ ይሄዳል። ትርንጎ እጇን አንዴ ወደ ቀጭኑ፣ አንዴ ወደ ወፍራሙ ሆድ አስገብታ ለካች። ወዲያው ፊቷ በራ።

"ዘውገ! የወፍራሙ ግድግዳ ሆዱን አጥብቦታል እኮ። ከቀጭኑ ያነሰ ሽምብራ ነው የሚይዘው!"

"ይቺን እስከ ዛሬ ማንም ነቅቶባት አያውቅም" አሉ ጠጅቱ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው።

ዘውገም እያጉረመረመ ድስቱን ተሸክሞ ገባ።

ትርንጎ ድስቱን አሟሸችው፤ በማግስቱም ባቄላ ጣደችበት። በሁለት ኩበት! ወንዝ ወርዳ፣ ልብስ አጥባ፣ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ባቄላው በጣት ሲነኩት የሚፈርስ ሆኖ ጠበቃት። በሳምንቱ ጅማት ሞከረች፤ አንድ ጥርስ የሌላቸው አማቷ ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። ወሬው ተራራውን ዞረ።

"የትርንጎ ድስት ብቻውን ያበስላል አሉ!"

"እሷስ ምን ትሠራለች?"

"እሷማ እንደ እመቤት እጇን አጣጥፋ ትቀመጣላ!"

ጤፉ የደረሰው ይህ ሁሉ ወሬ ሳይበርድ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚበሉት ያ አንድ ማሳ ነበር። በዚያ ኅዳር ደግሞ ያለ ወትሮው ደመና ከገደሉ ሥር እየወጣ ያስፈራ ጀመር። የደረሰ ጤፍ ዝናብ ከመታው አለቀ። ዘውገ ለሐሙስ ደቦ ጠራ፤ አሥራ ሁለት ማጭድ እሺ አለ።

የደቦ ሕግ አጭር ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ምሳ ይቀርባል። ካልቀረበ አጫጁ ማጭዱን በትከሻው አንግቶ ወደ ቀጣዩ ባለ ተራ ማሳ ይሄዳል፤ አይለመንም፣ አይወቀስም።

ትርንጎ ከቅርጫ የደረሳት ያረጀ በሬ ቅልጥምና ጅማት ነበራት። ባቄላም ነበራት። ኩበት አምስት። ለዚያ ድስት አምስት ኩበት ድግስ ነው! ስለዚህ ማለዳ ጥዳ፣ በሁለት ኩበት አሙቃ፣ ማጭድ አነሳች።

"ወዴት ነው?" አለ ዘውገ።

"አሥራ አራተኛ አጫጅ ልሆን ነዋ። ድስቱ ይሠራል፣ እኔም እሠራለሁ።"

አማቷ ልጆቹን አስከትለው ነዶ ሊሰበስቡ ወጡ። ቤት የቀረው ጉልበቱ አብጦ እንግድነት የመጣው የዘውገ ታላቅ ወንድም ምናላቸው ብቻ ነው።

"ጋሼ፣ ረፋድ ላይ አንድ ኩበት፣ ኋላ አንድ ኩበት ይጨምሩልኝ። አንዱ ትርፍ ነው። ክዳኑን ብቻ እንዳይነኩት።"

"አንቺ ደግሞ! ጦር የጠበቅሁ ሰው ድስት መጠበቅ ያቅተኛል?"

አላቃተውም። እሱ አልነካውም።

ለአጫጆቹ የተጠመቀው ጠላ የነበረው ከምድጃው ጎን ነው። መጀመሪያ ሊጠጣ የመጣው ደርበው፣ ከአጫጆቹ ሁሉ ለፍላፊው፣ ዋንጫውን እንደያዘ አፍንጫውን አቀና።

"ጋሼ ምናላቸው፣ ምንድን ነው የተጣደው?"

"ቅልጥም ነው።"

"በደቦ ቀን ቅልጥም? ውሸት!"

"እኔን ነው ውሸታም የምትለው? እጅ የለህም? ክፈትና እይ!"

ደርበው ከፈተ። እንፋሎቱ ፊቱን ሲመታው ዓይኑን ጨፈነ። "ኧረ እናቴን!" ብሎ ማሳው ድረስ ሮጠ። "ቅልጥም ነው! ከነጅማቱ!"

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያ ደቦ ሁሉ ውኃ ጠማው። አንዱ ገብቶ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። ክዳኑ በተነሳ ቁጥር የድስቱ ድምፅ ጸጥ ይላል፤ ምናላቸውም ይደነግጥና ኩበት ይጨምራል። ሦስቱ ኩበት ረፋድ ላይ አለቁ። ከዚያ ገለባ ማገደ። ከዚያ ያረጀ ቅርጫት። በመጨረሻ ምርኩዙን ሰብሮ ጨመረ።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ትርንጎ እየሳቀች መጣች። ክዳኑን አነሳች። እንፋሎት የለም። አንድ ባቄላ በጣቶቿ መሐል ጨመቀች፤ እንደ ጠጠር ሸሽቶ ወደቀ። ጅማቱ እንደ ጠፍር ተወጥሯል። ምድጃው ነጭ አመድ ሆኗል። ወደ ደጃፉ ወጣች።

ውጭ አጫጆቹ እጃቸውን ታጥበው ተቀምጠዋል። ከማሳው ሢሶው ገና ቆሟል፤ ደመናው ደግሞ ከገደሉ አፋፍ ላይ ወጥቷል።

"አልደረሰም" አለች።

ደርበው "ድስቱ ብቻውን ያበስላል አልተባለም እንዴ?" ሲል ሳቅ ሆነ። ዘውገ ግን አልሳቀም። "ነግሬሽ ነበር! ቀጭኗን ግዢ ብዬሽ ነበር!" የደቦው አለቃ ባሻ ኩራባቸው ቀስ ብለው ተነሱ፤ ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ አደረጉ። እሳቸው ከሄዱ ሁሉም ይሄዳል።

ትርንጎ ወደ ምናላቸው ዞረች። "ጋሼ፣ ክዳኑን ከፍተውታል?"

"በአባቴ አጥንት! እጄን አላሳረፍኩበትም።"

"ታዲያ ማን ከፈተው?"

ምናላቸው የተቀመጡትን አንድ በአንድ ተመለከተ። ደርበው ጉሮሮውን ጠራረገ።

"እኔ... አንዴ ብቻ ነው ያየሁት።"

"እኔም አንዴ ብቻ" አለ ከጎኑ ያለው።

"እኔም እንደዚሁ። አንዴ።"

"አንዴ ነው፣ ያውም ገርበብ አድርጌ!"

ቃሉ እንደ ዋንጫ ዞረ። አሥራ አንድ ሰው፣ አሥራ አንድ "አንዴ ብቻ"። ትርንጎ ባሏን አየችው።

"አንተስ?"

ዘውገ መሬት መሬት አየ። "ጨው ልቅመስ ብዬ ነው። አንዴ ብቻ።"

አሁን የቀሩት ባሻ ብቻ ናቸው። ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር፤ አልተራመዱም። ከዚያ ማጭዳቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ወደ ሰዎቹ ዞሩ።

"እኔ ሁለቴ" አሉ። "መጀመሪያ ላይ ለማየት። ኋላ ደግሞ መቅኔው የሞላውን አጥንት ለራሴ ልለይ።"

ሰው ሁሉ መሬት ላይ እስኪንከባለል ሳቀ። ባሻ ግን እጃቸውን አነሱ።

"የደቦ ሕግ ምሳ ላስረፈደ ነው። ምሳውን ያስረፈድነው እኛ ነን፣ ስለዚህ የሚሄድ የለም! ደርበው፣ አንተ ቅርብ ነህ፤ ከቤትህ ኩበት አምጣ። ትርንጎ ልጄ፣ ቆሎ ካለሽ እፍኝ እፍኝ ስጪንና ድስትሽን እንደገና ጣጂ። ማሳው ሳያልቅ እዚህ ደጃፍ ማንም ዝር አይልም። ውኃ የጠማው ወንዝ ይውረድ!"

እንደዚያ የታጨደበት ቀን በዚያ አገር የለም። ቆሎ እየቆረጠሙ፣ "አንዴ ብቻ!" እየተባባሉ በአንድ መስመር ተደረደሩ፤ ትርንጎም በመሐላቸው ነበረች። የመጨረሻው ነዶ ተከምሮ ሣር ሲለብስ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ወረዱ። ሁሉም እየሮጠ ቤት ገባ። ጤፉ ድኗል፤ ድስቱም በአመዱ ውስጥ ዝቅ ባለ ድምፅ ይንተከተካል። ትርንጎ ገበታውን ልታቀርብ ጎንበስ እንዳለች የደርበው እጅ፣ ሳያስበው፣ ወደ ክዳኑ ተዘረጋ። ባሻ ኩራባቸው አንጓውን ጥብቅ አድርገው ያዙትና፣

"ተው ልጄ" አሉት፤ "ክዳን ከፋች፣ ምሳ አስረፋጅ።"