መሐላ ሰባሪው ወጌሻ

ተረት ልጀምር ነው፤ ቀረብ ቀረብ በሉ። እኔ አሥር ካወራሁ ዘጠኙ ጭማሪ ነው። አንዷን እውነት ግን አጥብቃችሁ ያዙልኝ፤ ትጠቅማችኋለች።

ድሮ ድሮ፣ ድንጋይ ገና ሳይጠነክር፣ ጓንጉል የሚባል ወጌሻ ነበር። የወለቀ ትከሻ፣ የተሰበረ ክንድ ሲመጣለት አሸት አሸት፣ ሳብ፣ ቀጭ! አለቀ። እንዲያውም አንድ ጊዜ የተሰበረ ማሰሮ አሽቶ ገጥሟል ይባላል። ማን ይላል? እኔ እላለሁ።

ታዲያ ይህ ጓንጉል መጠጥ ይወድ ነበር። ይወድ ነበር ስላችሁ እንደ አጎታችሁ እንዳይመስላችሁ! እሱ ድግስ ቤት ሲገባ ጋኑ ራሱ «ዛሬስ አለቀልኝ» ብሎ ያለቅስ ነበር።

እየዋለ እያደረ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሆነ። ሆዱ ተነፋ፣ እግሩ ሰለለ። እህል አልወርድ አለው፤ እንቅልፍም ከዳው። አንድ ቀን የአንድ ገበሬ እግር ሲያቃና እጁ ተንቀጠቀጠና የእግሩን ጣቶች ወደ ኋላ አዙሮ ገጠመለት። ሰውዬው ቤተ ክርስቲያን ልሳም ብሎ ሲነሳ ገበያ ደረሰ!

ሚስቱ ያምሮት ፈራች። መድኃኒት አዋቂ አሮጊት ጠርታ አሳየችው። አሮጊቷ ጎኑን ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣

«ጓንጉል ልጄ፣ ጉበትህ እያለቀ ነው። ካልተውክ ዘንድሮን አትዘልቃትም» አሉት።

«ምነው እማማ፣ ምንም አላመመኝም እኮ!»

«አጥንት ሲሰበር ይጮኻል፤ ጉበት ግን ዝም ብሎ ነው የሚያልቀው።»

ጓንጉል ደነገጠ። ዋርካው ሥር፣ በአገሩ ሽማግሌ በአያ ወንድይራድ ፊት ቆመና «ጠላ ብቀምስ እጄ ይክዳኝ!» ብሎ ማለ። ያምሮት እልል አለች። በማግስቱ ጠጅ ሲጠጣ ተገኘ።

«ምነው ጓንጉል፣ መሐላህስ?»

«ጠላ አልኩ እንጂ ጠጅ አልኩ?»

እንደገና ዋርካው ሥር አቆሙት። «ጠጅም ብቀምስ እጄ ይክዳኝ!» አለ። ያምሮት አሁንም እልል አለች፤ ግን ቀነስ አድርጋ። በማግስቱ አረቄ ሲጠጣ ተገኘ።

«ጠጅ አልኩ እንጂ አረቄ አልኩ?»

ለሦስተኛ ጊዜ አቆሙት። «ጠላም ጠጅም አረቄም በዚህ አገር ብቀምስ እጄ ይክዳኝ!» አለ። ያምሮት ዝም አለች። በማግስቱ ወንዝ ማዶ ሲጠጣ ተገኘ።

«በዚህ አገር አልኩ እንጂ ማዶ አልኩ?»

እንዲያውም እግሩን በወዲህኛው ዳር ተክሎ አፉን ብቻ ነበር የሚያሻግረው። አንገት ያን ያህል ይረዝማል ወይ አትበሉኝ፤ መጠጥ ያየ አንገት ይረዝማል።

አንድ ማለዳ ግን ደም አስታወከው። ይህቺን አላጋነንኩም። ያምሮት አላለቀሰችም። መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ አያ ወንድይራድ ዘንድ ሄደችና ሹክ ሹክ አለቻቸው።

አያ ወንድይራድ አገሩን ሰበሰቡ። ጓንጉል እየሰማ፣ «ወገኖቼ፣ መሸነፋችንን እንመን። ጓንጉል የማያመልጠውን መሐላ የሚሠራ ሰው አልተወለደም» አሉ።

ጓንጉል ደረቱን ነፋ። «ከራሴ በቀር!»

«አንተ ደግሞ!» አለች ያምሮት። «ቀዳዳ ማግኘት እንጂ መድፈን የት ታውቅና!»

«እኔ? እኔ ጓንጉል? ስሙኛ! ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ፣ ስም የወጣለትም ያልወጣለትም አስካሪ ሁሉ! እዚህም ማዶም! በዋንጫ፣ በብርሌ፣ በቅል፣ በእፍኝ፣ በገለባ! በአፍም በአፍንጫም! ዝቃጩም፣ እንጀራ የተነከረበትም! መድኃኒት ነው ተብሎም፣ ሰው ግድ ብሎኝ ነው ተብሎም!»

ላብ እስኪያጠምቀው ድረስ ደፈነ። «እስቲ፣ አይጥ ታልፋለች?»

አያ ወንድይራድ ጺማቸውን አሹ። «ግሩም አጥር ነው። ግን አጥር የሚፈተነው በሌባ ነው። ካንተ የባሰ የመሐላ ሌባ ከየት እናምጣ? በል፣ ማልበት።»

ጓንጉል ግራ ቀኙን አየ። ሕዝቡ «ፈራ! ፈራ!» አለ። ወንድ ልጅ ይህን እየሰማ እንዴት ዝም ይላል? «ከዚህ አንዱን ብነካ እጄ ይክዳኝ!» አለና ወዲያው አፉን በመዳፉ ያዘ።

«ወይኔ! በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት!»

ከዚያማ መከራ ነው። ተንቀጠቀጠ፣ ቃዠ፣ ግድግዳው ላይ ጉንዳን እስክስታ ሲወርድ አየ። ላቡ የጎረቤት ዶሮ ይዞ ወረደ። ለብቻው ግን አልተዉትም። አሮጊቷ ከራስጌው አልተነሱም፤ ጎረቤት ተራ ገብቶ ጠበቀው፤ ያምሮት አጥሚት እያጠጣች ደገፈችው። እሱ ግን ነፍስ ሲዘራ ቀዳዳ ፍለጋ ገባ።

«ያምሮት፣ ባሸተውስ?»

«በአፍንጫም ብለሃል።»

«አተላውንስ?»

«ዝቃጩም ብለሃል።»

«በሕልሜስ?»

ያምሮት አሰበች፣ አሰበች። «ሕልሙንስ ረስተኸዋል።»

ጓንጉል ከአልጋው ዘለለ። ቀዳዳ ተገኘች! ከዚያን ዕለት ወዲያ ጀንበር ዘቅዘቅ ስትል ለመተኛት ይሮጥ ጀመር። በሕልሙ ጠጅ ቤት ይገባል፣ ብርሌውን ያነሳል፣ ወደ አፉ ሲያስጠጋው ዶሮ ይጮኻል። ነገም እንዲሁ፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ጠጁን ሳይቀምስ እንቅልፉን ጠግቦ ይነሳል። እንቅልፍ ሲጠግብ እህል አማረው። እህል ሲበላ ጉልበቱ ጠና። ዓይኑ ነጣ፣ ሆዱ ሟሸሸ።

አንድ ቀን አያ ወንድይራድ ከበቅሎ ወደቁና ክንዳቸው ተሰበረ። ጓንጉል ተጠራ። አገሩ በሙሉ ተሰብስቦ የሽማግሌውን ክንድ አላየም፤ የወጌሻውን ጣቶች ነበር የሚያየው። ጓንጉል እጁን ዘረጋ። እጁ እንደ ኩሬ ውሃ ጸጥ አለ። አሸት አሸት፣ ሳብ፣ ቀጭ!

ያምሮት «እፎይ!» አለች። እፎይታዋ ዋርካውን ቅጠል አልባ አስቀረው።

አያ ወንድይራድ ክንዳቸውን ታቅፈው ሳቁ። «ልጄ፣ አሁንስ ድነሃል። መሐላውን እናንሳልህ?»

«ይተዉት አያ። እንደገና ከዘለልኩ ያ የማይጮኸው ጉበቴ ያልቅብኛል። ደግሞ አጥሬ ጥሩ ነው፤ ውስጡ እንቅልፍ ይወስዳል።»

ለዚህ ነው «ሰው ያጠረለትን ይዘለዋል፤ ራሱ ያጠረውን ይተኛበታል» የሚባለው።

ተረቴ አለቀ፤ ጉሮሮዬ ደረቀ። በሉ ውሃ አቀብሉኝ። ውሃ ነው ያልኩት፤ ምን ያስቃችኋል?