ጉማሬውና የአያት መንገድ

«በሐይቅ ዳር የሚኖር አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ መምህርቷ፣ ጥያቄውን የረሱት ይመስል።

የጠየቃቸው የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ስለ ባሕር እንስሳት ጥበቃ ሲያስተምሩ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ዓሣውስ ይሁን፤ ይበላል። ሻርክ ግን ሰው የሚበላ አውሬ ነው፤ እሱን መጠበቅ ምን ይረባል? ደግሞስ እኛ ባሕር የት አለንና?» አለ። ክፍሉ ሳቀ። «አንተን ቢቀምስህ ይተፋሃል!» አለችው አንዷ ከኋላ። መምህርቷም አብረው ሳቁ፤ ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጠው፣ ወንበር ስበው ተቀመጡና ስለ ገበሬው ያወሩ ጀመር።

የገበሬው ማሳ ከሐይቁ ጋር ይዋሰናል። ቤቱ ያለበት መሬት እንደ ምላስ ወደ ውኃው የገባ ነው፤ በክረምት የየብሱ መንገድ ማጥ ስለሚሆን ሰውም ከብትም አያሳልፍም። ገበያውም፣ ወፍጮውም፣ ጤና ጣቢያውም ማዶ ነው። የሚኬደው በታንኳ ነው። ከዳሩ እስከ ግልጡ ውኃ ድረስ ደግሞ ደንገል፣ ያ ከሰው ቁመት የሚበልጠው የውኃ ተክል፣ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በመካከሉ ታንኳ የምታሳልፍ አንዲት ጠባብ የውኃ መንገድ ነበረች። ገበሬው በዚህች መንገድ ይኮራ ነበር። «አያቴ በማጭድ ሰንጥቀው ያወጧት ናት» ይላል። አባቱም እንዲሁ ይሉ ነበር። አያቱ ሲያጭዱ ያየ ግን የለም።

በዚያችው መንገድ ማታ ማታ ጉማሬ ይመጣል። በቆሎውን ግማሹን በልቶ፣ ግማሹን ረግጦ ይመለሳል። ገበሬው ማማው ላይ ወጥቶ ጅራፍ ያጮኻል፣ ቆርቆሮ ይደበድባል፣ ድምፁ እስኪዘጋ ይሳደባል። ጉማሬው ጆሮውን ነቅነቅ አድርጎ መብላቱን ይቀጥላል።

አንድ በጋ መረረው። መንገዷ ከዳሩ የምትገናኝበት አፍ ላይ እንጨት ተክሎ በግራር እሾህ አጠረው፤ ቀን ለታንኳው ይከፍተዋል፣ ሲመሽ ይዘጋዋል። ጉማሬው ጥቂት ጊዜ እየመጣ ከእሾሁ ጋር ተፋጠጠና ወደ ሌላ ዳርቻ ዞረ። በዚያ ዓመት ጎተራው ሞላ። ጎረቤቶቹም «እሰይ፣ ገላገልከን!» አሉት።

በዓመቱ ክረምት ግን መንገዷ መጥበብ ጀመረች። ደንገሉ ከግራም ከቀኝም እየተጠጋ፣ ሥሩ ከሥር እየተቆላለፈ መጣ። ገበሬው ያጭዳል፤ ብዙም ሳይቆይ ሌላው ተንሳፍፎ ይመጣና ይዘጋበታል። «ዘንድሮ ዝናቡ አበረታው» ይላል።

ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ልብስ ለማጠብ ዳሩ ላይ ስትቀመጥ ብዙ ታያለች፣ ጥቂት ትናገራለች። አንድ ቀን፣ «ጉማሬው መምጣቱን ከተወ ወዲህ ነው የጠበበችው» አለችው።

«ጉማሬ ማጭድ ይይዛል እንዴ?» ብሎ ሳቀባት። «የአያቴን ሥራ ለጉማሬ ልትሰጪብኝ ነው?»

እሷም ልብሷን ማጠቧን ቀጠለች።

ይህቺ ሴት የመጀመሪያ ልጇን በምጥ ነው ያጣችው። የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ፣ «ሁለተኛ ቤትሽ እንዳትወልጂ፤ ሲጀምርሽ ቶሎ ነይ» ብላታለች። ታዲያ በነሐሴ፣ ቀኑ ሳይደርስ፣ አንድ ጠዋት ምጡ ያዛት። ባሏ ታንኳው ላይ ጭድ አንጥፎ፣ ጋቢ ደርቦ አስተኛትና ወደ ደንገሉ ገባ። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ታንኳው ተያዘ። ከፊት ደንገል ነው፤ ከኋላም ገፍተው ያለፉት ደንገል ተመልሶ ገጥሟል። ያጭዳል፣ ይገፋል። እጁ ተቦጫጭሮ ይደማል። ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች፤ ሚስቱ ጋቢውን ነክሳ ታቃስታለች፤ ታንኳው ካለበት ንቅንቅ አላለም። የፊተኛው ልጅ መቃብር ዓይኑ ላይ መጣበት።

ያን ጊዜ በጎናቸው ደንገሉ ተንኮሻኮሸ። አንዲት ጉማሬ ከነግልገሏ ብቅ አለች፤ በዘንግ የምትደረስ ቅርብ ነበረች። የገበሬው እጅ ወደ ዘንጉ ሄደ፤ ለመጮህም ደረቱ ተነፋ። የለመደው ይኸው ነበር። ሚስቱ ግን ኮቱን ጨምድዳ ያዘችው።

«ዝም በል!» አለችው በሹክሹክታ። «ዕድሜህን ሙሉ ጮኸህባቸው የለ? ዛሬን ብቻ ዝም በልልኝ!»

ገበሬው ዘንጉን በቀስታ አስቀመጠ፤ አፉንም ዘጋ። ብትዞርባቸው ታንኳውን እንደ ሰፌድ ትገለብጠዋለች። ጉማሬዋ አየቻቸው። ብዙ ጊዜ የቆየች መሰላቸው። ከዚያ ግልገሏን ከኋላ አስከትላ ደረቷን ለደንገሉ ሰጠችው። ደንገሉ ግራና ቀኝ ተረፈረፈ፤ የተቆላለፈው ሥር ተበጣጠሰ፤ በሄደችበት ሁሉ ጥቁር ውኃ ተከፈተ። ግልጡ ሐይቅ ላይ ስትደርስ ከነልጇ ጠለቀች።

ገበሬው የተከፈተውን ውኃ ሲያየው ገባው። ስፋቱ ልክ የአያቱን መንገድ ያህል ነበር።

ርቃ እስክትሄድ ጠብቀው ተከተሉ። ከሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያው ውስጥ ሴት ልጅ ተወለደች፤ ጮኸች። አባትዬው ጩኸቷን ከውጭ ሲሰማ ደረጃው ላይ ዘፍ ብሎ እየሳቀ አለቀሰ። አዋላጇ ብቅ ብላ፣ «ምነው ሰውዬው፣ ደስታም አያናግርህም?» አለችው። ሚስቱ ከውስጥ ሆና፣ «ተዪው፣ ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ» አለች።

ቤቱ እንደተመለሰ አጥሩን ነቀለ። በቆሎውን ከውኃው አርቆ፣ ከፍ አድርጎ ዘራ፤ የዳሩን መሬት ለሣር ተወው። ጉማሬው ተመልሶ መጣ፤ ሣሩን ይግጣል። አንዳንዴም ሳያፍር በቆሎው ድረስ ይዘልቃል፤ ገበሬውም ማማው ላይ ሆኖ እንደ ድሮው ይሳደባል። መንገዱን ግን ዳግመኛ አልዘጋበትም።

መምህርቷ ይህን ብለው ወደ ጠያቂው ተማሪ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሻርክ ምን ይረባል አልከኝ። ጉማሬውስ ለገበሬው ምን ይረባው ነበር? በቆሎውን ሲበላ አይቷል፤ መንገዱን ሲጠርግለት ግን አላየውም፤ ምስጋናውን ለአያቱ ሰጠው። ባሕርም እንዲሁ ነው። ሻርኩ ሲጠፋ እሱ የሚበላቸው ዓሦች ይበዛሉ፤ እነሱ በተራቸው ከበታቻቸው ያለውን ይጨርሳሉ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ክፍት የነበረው ይዘጋል። ገበሬውን ጉማሬ ውደድ ያለው የለም፤ ሥራውን እንዳይከለክለው ነው። ባሕር የት አለን ላልከው ደግሞ፣ ክረምት የሚዘንብልን ደመና ውኃውን ከየት ቀድቶ የሚመጣ ይመስልሃል? እኛም እኮ እዚያ ታንኳ ውስጥ ነን። ደግነቱ፣ ጉማሬዋ ገና ደንገሉ ውስጥ አለች፤ ሻርኩም ገና ከባሕር አልጠፋም።»