የእማማ ደብሪቱ እግርና የእድሩ ሳንቃ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ ላምም በረትም የለበትም። የሰፈራችን ጉድ ነው፤ ገና ሳወራው ደሜ ይፈላል።

ጎረቤቴ እማማ ደብሪቱ በስተርጅና ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆነና ሆስፒታል ተኙ። ሐኪሙ ሲያስወጣቸው፣ እግራቸው በየጊዜው ካልታሸ እንደደረቀ ይቀራል አለ። የሚፈልጉት ትንሽ ነገር ነበር፤ ግቢው ጥግ ያለው ሽንት ቤት በገዛ እግራቸው መሄድ። ልጃቸው በላይነሽ ታዝላቸዋለች፤ እሳቸው ግን በልጅ ጀርባ መሄዱ ያሳፍራቸዋል።

እግሩን ሂድ ቢሉት፣ ባለሙያ ሳያሸኝ አልሄድም አለ።

በላይነሽ ሆስፒታል ሄዳ ባለሙያውን ቤት ድረስ ና ብትለው፣ እኔ ቤት ለቤት አልዞርም፣ አምጪያቸው አለ። ባለሙያው አልመጣ፣ እግሩ አልሄድ አለ።

ባለባጃጁን ግባና ውሰዳቸው ብትለው፣ በራችሁ ላይ ቦይ ተቆፍሮ በየት በኩል ልግባ አለ። ባጃጁ አልገባ፣ ባለሙያው አልመጣ፣ እግሩ አልሄድ አለ።

ቦይ ቆፋሪውን ድፈነው ብትለው፣ ቱቦው ሳይመጣ አልደፍንም፣ ከፈለግሽ ሳንቃ አጋድሚበት አለ። ቱቦው የት አገር እንደሚሠራ እንጃ! ቆፋሪው አልደፍን፣ ባጃጁ አልገባ፣ ባለሙያው አልመጣ፣ እግሩ አልሄድ አለ።

ወፋፍራም ሳንቃ ያለው እድሩ ጋ ነው፤ ለቀስተኛ ይቀመጥበታል። የእድሩን ዳኛ አቶ ጥላዬን አውሱን ብትላቸው፣ የእድር ዕቃ ያለ ሐዘን አይወጣም፣ ደንብ ነው አሏት። እስቲ ይኼ ምን ይባላል? ዳኛው አልሰጥ፣ ቆፋሪው አልደፍን፣ ባጃጁ አልገባ፣ ባለሙያው አልመጣ፣ እግሩ አልሄድ አለ። እግሩማ ጭራሽ መድረቁን ተያያዘው።

እማማ ተኝተው ይኼን ሁሉ ሲሰሙ ከረሙ። አንድ ጠዋት የእድሩን ጥሩምባ ነፊ አስጠሩና ንፋ አሉት። ማን ሞተ ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «አንተ ንፋ፣ ሬሳው አይጠፋም» አሉት። ነፋ። ደብሪቱ ቤት ድረሱ አለ።

ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ እያለቀሰ መጣ። ድንኳኑ መጣ፣ ድስቱ መጣ፣ ሳንቃው መጣ። አቶ ጥላዬ ለቀስተኛ እንዳይወድቅ ብለው በገዛ እጃቸው ሳንቃውን ቦዩ ላይ አጋደሙት። ሲገቡ እማማ ፀጉራቸውን ተሠርተው አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል።

«ጥላዬ፣ ለሬሳዬ መንገድ ካለህ ለእኔ እንዴት አጣህ?» አሉ።

ዳኛው አንገታቸውን ደፉ።

ዳኛው ሳንቃውን እዚያው ተዉ፣ ሳንቃው ቦዩን ሸፈነ፣ ባጃጁ ገባ፣ ባለሙያው አሸ፣ ደግሞ አሸ፣ ደግሞ አሸ፤ እግሩም እያነከሰ፣ እየተነጫነጨ ሄደ። እማማ ደብሪቱ ሽንት ቤት ገቡና በሩን ከውስጥ ዘጉት። በላይነሽ ውጭ ቆማ አለቀሰች።

ሕክምናው ገና አላለቀም። ተረቴን መልሱ፤ ሳንቃውን ግን እዚያው ተዉት።