የመጨረሻው የእህል ጉድጓድ

አንዲት የወንዝ ዳር ከተማ ሁለት ነገሥታት ሲዋጉባት ዓመታት አለፉ። ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ነገሩ ባሰ። ሁለቱም ከእርቁ በፊት ከተማዋን በእጃቸው ማድረግ ፈለጉ፤ ዛሬ የደጋው ንጉሥ ጦር ሲገባ፣ ሰንበት ሳይደርስ የቆላው ያስወጣዋል። የገባው ሁሉ ነጋሪት ያስጎስምና «ከእንግዲህ የእኛ ናችሁ» ይላል። ሕዝቡም እልል ይላል። እልልታ ምን ይከፈልበታል!

የከፋው ሌላ ነበር። በየግቢው እህል የሚደበቅበት ጉድጓድ አለ፤ የጎረቤቱን ጉድጓድ የማያውቅ ደግሞ የለም። አዲስ ጦር በገባ ቁጥር አንዱ በሌላው ላይ «ጠላትን ያበላ እሱ ነው» እያለ ይጠቁማል፤ ጉድጓዱም ይገለበጣል። አትጠገብ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴትም ይኸው ደረሰባት። በአጥር ድንበር የተቀያየማት ጎረቤቷ አያ ጓንጉል ለደጋው አለቃ ሹክ አለባትና፣ ወታደሮቹ ከጥጃ ጋጣዋ ሥር የነበረውን ማሽላ ለዘር እንኳ ሳያስቀሩ ጭነውት ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ የቆላው ጦር ተመለሰ። አለቃው ሕዝቡን ገበያ ላይ ሰብስቦ አትጠገብን አስጠራት።

«ደጋዎች እንደዘረፉሽ ሰምተናል። ማን ነው የጠቆመብሽ? ተናገሪ፣ ከእሱ ጉድጓድ እንክስሻለን» አላት።

ከሕዝቡ መሃል የአያ ጓንጉል ፊት አመድ መሰለ። አትጠገብ ጉድጓዱን ታውቀዋለች፤ ከጭድ ክምሩ ሥር ነው። ስሙም ምላሷ ጫፍ ደርሷል። ግን ሰማዩን አየች፤ የዘር ወቅት ደርሷል። ዞር ብላ ሕዝቡን አየች፤ ጉድጓዱ ያልተገለበጠበት ሰው ቢኖር ያ የምትጠላው ሰው ብቻ ነው። የእሱም ከተወሰደ ከተማው ምን ይዘራል?

«ጌታዬ፣ ማን እንደጠቆመብኝ አላየሁም። እህልም በከተማው አልቀረም» አለች።

አለቃው ሳቀ። «ታዲያ አንቺ ጠላት የለሽም?»

«ጠላትስ አለኝ። ግን እናንተ ሳትመጡም ነበረ፣ ስትሄዱም አብሮኝ ይኖራል። እኛው እንጨርሰዋለን።»

አለቃውም ነገሩን ትቶ ሕዝቡን አሰናበተ። ብዙም ሳይቆይ ነገሥታቱ ታረቁ፤ ጦሩም ወደየአገሩ ገባ። ዝናብ በጣለ ማግስት አያ ጓንጉል አንድ ስልቻ ማሽላ ተሸክሞ አትጠገብ ደጅ ቆመ።

«እቴ አትጠገብ፣ እንዴት ዝም አልሽልኝ?» አላት አንገቱን ደፍቶ።

«ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ። አሁንም ሳይህ ደሜ ይፈላል። ይልቅ ስልቻውን አውርድና ዝናቡ ሳያመልጠን ከጉድጓድህ ለሌላውም አካፍል» አለችው።

አካፈለም። በዚያ ዓመት ከተማው ሁሉ የዘራው ከአንድ ጉድጓድ ነው።

ጦር መንገደኛ ነው፤ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ይሄዳል። ጎረቤት ግን ይቀራል። ቂሙን ለአላፊ ጉልበት አደራ የሚሰጥ ሰው የጠላቱን ጉድጓድ ያስቆፈረ ይመስለዋል እንጂ፣ የሚያስቆፍረው የራሱን የከርሞ እንጀራ ነው። እናንተስ በአትጠገብ ቦታ ብትቆሙ ስሙን ትጠሩት ነበር?