ላብ የተባለው ውኃ

አንድ ጊዜ በቆላ አገር፣ ሣሩ ደርቆ እሳት በሚያሰጋበት ወቅት፣ የዱር አራዊት ተሰብስበው ከጉብታው ሥር የጋራ መኖሪያ ለመቆፈር ተስማሙ። ከላይ ያለው ቀይ አፈር ለመቆፈር ቀላል ነው፤ ግን ስስ ስለሆነ ሰደድ እሳት ሲያልፍበት ውስጡ ያለውን ሁሉ ይቀቅላል። ከታች ያለው አለት ደግሞ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው፤ እዚያ የገባን እሳትም ጦርም አያገኘውም፣ የተቀመጠ ሥጋም ቶሎ አይሸትም። ችግሩ በሁለቱ መካከል ያለው ውኃ ያዘለ አሸዋ ነበር። ከዚያ በፊት ወደ አለቱ ለመውረድ የሞከረ ሁሉ አሸዋው ጋ ሲደርስ ውኃ እየፈነዳበት እየዋኘ ተመልሷል።

የአራዊቱ ንጉሥ አንበሳ የቁፋሮ አለቃ መሾም ነበረበትና ጅብን ሾመ። ጅብ ስለ ቁፋሮ የሚያውቀው ነገር ኖሮ አይደለም፤ በስብሰባው ላይ ከሁሉም አብልጦ የጮኸው እሱ ስለነበረ ነው። «አለቱ ጋ መጀመሪያ ያደረሰን የሥጋ ግምጃ ቤታችንን ይጠብቃል» አለ አንበሳ። ጅብ ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማም። የሥጋ ግምጃ ቤት! ጠባቂ የሆነ ሰው እየጠበቀ መቅመሱ፣ እየቀመሰም መጥገቡ የታወቀ ነው። ምራቁን ሲውጥ ድምፁ እስከ አንበሳ ድረስ ተሰማ።

አማካሪ ሆና የተሰጠችው ቀበሮ ነበረች። ቀበሮ በትሕትና ቀርባ አሠራሩን አስረዳችው።

«አያ ጅቦ፣ አሸዋው ጋ ስንደርስ ዝም ብለን ወደ ታች አንወርድም። መጀመሪያ ዙሪያውን ብቻ በጠባቡ፣ ትንሽ ትንሽ እያልን እንቆፍራለን። የቆፈርነውን ወዲያው በድንጋይና በጭቃ እንደፍነዋለን። ዙሪያው ሲጠነክር መሀሉን እናወጣለን። ያን ጊዜ ውኃው ከውጭ ይቀራል፣ እኛ በደረቁ እንወርዳለን።»

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ጅብ። «ቆፍረን ስናበቃ መልሰን ልንደፍነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ከመጀመሪያው ለምን እንቆፍረዋለን?»

ቀበሮ አፏን ስትከፍት ጅብ ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ ጮኸ። «ሰማችሁ ወይ! አማካሪ ተብላ የተሰጠችኝ ይቺ ናት! ጉድጓድ ቆፍር የተባልኩትን ሰውዬ ጉድጓድ ድፈን ትለኛለች!» አራዊቱ ከት ብለው ሳቁ። ፍልፈል እንኳ፣ ዕድሜ ልኩን ሲቆፍር የኖረው፣ ለምን እንደሚስቅ ሳያውቅ ከሁሉም አስረዝሞ ሳቀ።

ቀበሮ አልተከራከረችም። ተከራክራ ብትረታው ሥራው የሷ፣ ግምጃ ቤቱ ግን የጅብ እንደሚሆን ገብቷታል። አህያ ከወንዝ ዳር እየጫነች የከመረችውን ድንጋይ አየት አደረገችና፣ «ይህ ድንጋይ መንገድ ዘጋብዎት አይደል? እኔ ላንሳልዎ?» አለችው።

«ተባረኪ! ቆሻሻ ነው፣ ውሰጂልኝ! እመት አህያ፣ ጫኚና ያለችሽ ቦታ አድርሺላት!»

«ኧረ አያ ጅቦ፣» አለች አህያ፣ «ጀርባዬ ተልጦ ያመጣሁት እኮ ነው! ትናንት አምጪ፣ ዛሬ ውሰጂ!»

«ለሥራው ቅልጥፍና ነው» አለ ጅብ፤ ይህን ቃል ከየት እንዳመጣው እሱም አያውቅም። አህያ እያጉረመረመች ድንጋዩን ከጉብታው ጀርባ አራገፈች። ቀበሮም እዚያው አስቀረቻት።

ቁፋሮው ቀይ አፈሩን ጨረሰ። አንድ ቀን ፍልፈል መዳፉ ጭቃ እንደሆነ ወጣ።

«አያ ጅቦ፣ አፈሩ ረጥቧል፣ ግድግዳው ውኃ ያዣል። ቆም ብለን ብናየውስ?»

ጅብ ግምጃ ቤቱ ታየው። መቆም ማለት መዘግየት፣ መዘግየት ማለት ያን ሁሉ ሥጋ ሌላ ሲጠብቀው ማየት ነው።

«ውኃ አይደለም» አለ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ላብ ነው! መሬቱ ጉልበታችንን አይቶ አላበው።»

ፍልፈል መዳፉን አየ። ቀጥሎ የጅብን ጥርስ አየ። «እውነትም ላብ ነው» አለ። ሌሎቹ አጨበጨቡ፤ ከዚያ ወዲያ በቁፋሮው አካባቢ ውኃ የሚለውን ቃል ማንሳት ተከለከለ። ከርከሮ እየወጣ «ላቡ ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ!» ይላል፣ ጅብ «ጎሽ!» ይለዋል፣ ይጨበጨባል። «ላቡ ጉልበቴ ደረሰ!» «እሰይ፣ ሥራው ሞቀ!» አሁንም ይጨበጨባል። አይ ጭብጨባ! የገዛ መኝታቸው ከዚያው ጉድጓድ ጎን መቆፈሩን አንዳቸውም አላሰቡም።

በመጨረሻ ጅብ አለቱን ራሱ ሊነካ ብሎ ወረደ። እግሩ «ላቡ» ውስጥ ሲገባ ብርዱ አጥንቱ ውስጥ ዘለቀ። «ላብ እንዲህ ይቀዘቅዛል እንዴ?» ሲል በሆዱ አሰበ፤ ፈራም። ግን የከለከለውን ቃል እንዴት ይናገር? ፍልፈልን ገፍትሮ በሁለት መዳፉ አሸዋውን ቦደሰው። ግድግዳው ተደረመሰ፣ የታፈነው ውኃ ፈነዳና አለቃውንና ሠራተኛውን አንድ ላይ አንስቶ ወደ ላይ አጎናቸው።

«ውኃ! ውኃ! ድረሱልኝ!» ብሎ ጮኸ ጅብ።

«ላብ ማለትዎ ነው?» ጠየቀ ከአፋፉ ላይ የነበረው ከርከሮ፣ ከልቡ ግራ ገብቶት።

መልሱን ሳይሰማ ውኃው እሱንም ወሰደው። ጉድጓዱ ሞላ፣ መኝታ ቤቶቹ ሁሉ ሞሉ። ማንም አልሞተም፤ ግን ያጨበጨበ ሁሉ ልጆቹን በአፉ አንጠልጥሎ እየሳለ ወጣ።

አንበሳ ጩኸቱን ሰምቶ ሲመጣ ጅብን ከጆሮው ጭቃ ሲያራግፍ አገኘው። «የታለ ቤቱ?» አለው።

«ጌታዬ፣ ቤት ስንፈልግ ኩሬ አገኘን! በዚህ በጋ ኩሬ ማግኘት ቀላል ነገር ነው?»

አንበሳ መልስ ሳይሰጥ ቀበሮ ከጉብታው ጀርባ ብቅ አለች። ጸጉሯ ላይ ደረቅ አቧራ እንጂ ጠብታ ውኃ የለባትም። «አለቱ ጋ ደርሰናል፣ ይግቡ ጌታዬ» አለች። «አያ ጅቦ ድንጋዩን ባይለግሱኝ ኖሮ ዙሪያውን የምደፍንበት አላገኝም ነበር። አህያ ጫነች፣ እኔ ቆፈርኩ።» የግምጃ ቤቱ ጠባቂ ማን እንደሆነ መናገር እንኳ አላስፈለገም።

በዚህ መሀል ከሜዳው ማዶ ጭስ ተነሣ። አራዊቱ ያላቸውን ሥጋ ይዘው ተግተልትለው ወደ ቀበሮ ጉድጓድ ገቡ። ጅብም ሊከተል ሲል አንበሳ በሩ ላይ ቆመ።

«አንተ ወዴት?»

«እሳት እየመጣ ነው ጌታዬ!»

«ኩሬ ማግኘት ቀላል አይደለም አላልከኝም? እንግዲያው ጠብቀው።»

እሳቱ መጣ። ጅብ ኩሬው ውስጥ ገብቶ ጭንቅላቱን ብቻ አውጥቶ ተቀመጠ። ጆሮዎቹ ተለበለቡ፣ ሆዱ ባዶ ነው፤ ከዚህ ሁሉ ግን ይበልጥ የጎዳው ከቀበሮ ጉድጓድ የሚወጣው የሥጋ ሽታ ነበር። እንባው ውኃው ላይ ጠብ ጠብ አለ።

እሳቱ አልፎ አራዊቱ ሲወጡ ጅብ ከጭቃው መሀል ደረቱን ነፋ። «አያችሁ! ይህ ኩሬ ነው ያዳነኝ! ብትሰሙኝ ኖሮ ሁላችሁም እዚህ አጠገቤ ትቀመጡ ነበር!»

አራዊቱ ከጥርሳቸው መሀል የሥጋ ስንጥር እየጎረጎሩ አለፉት።

ከዚህ የምንማረው፣ ውኃን ላብ ብሎ መጥራት ለጊዜው ያስጨበጭብ እንደሆን እንጂ ውኃውን እንደማያደርቀው ነው።